ከሐይቅ ዳር እስከ ቱላ፦ የሐዋሳ ወሰን ታሪክ

በግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ስለ ሐዋሳ ያሰፈረው አኃዝ መጀመሪያ ሲያነቡት ግር ያሰኛል። በከተማው አስተዳደር ሥር የተቆጠረው ሕዝብ 258,808 ነው። ከዚህ ውስጥ ከተማ ውስጥ ይኖራል ተብሎ የተመዘገበው 61 ከመቶው ብቻ ነው። የቀረው፣ ከ100 ሺህ የሚበልጠው ሕዝብ፣ የሐዋሳ ነዋሪ ሆኖ ሳለ በገጠር ዓምድ ሥር ሰፍሯል። እንሰት ይተክላል፣ በቆሎ ይዘራል፣ ላም ያልባል፤ የሚያስተዳድረው ግን ከንቲባ ነው።

ቆጣሪዎቹ አልተሳሳቱም። የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው በስምንት ክፍለ ከተሞችና በ32 ቀበሌዎች ነው፤ ከእነዚህ ቀበሌዎች 12ቱ የገጠር ናቸው። ስፋቱ 157 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ጫፍ ሆቴልና መናፈሻ ውሃውን ተከትለው የተደረደሩበት ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ አለ፤ በሌላው ጫፍ ሐዌላ ቱላ አለ፤ እዚያ የብዙው ሰው ቤት አጥር እንሰት ነው። ሁለቱን አንድ ምክር ቤት እንዴት ሊገዛቸው ቻለ? መልሱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ የመሬቱን አቀማመጥ ማየት ይበጃል፤ የሐዋሳን መስፋፋት ከማንኛውም መሐንዲስ በፊት የወሰነው እሱ ነውና። ከተማው ወደ ምዕራብ መሄጃ የለውም፣ ሐይቁ ገድቦታል። ወደ ሰሜንም ብዙ አይዘልቅም፤ ጥቁር ውሃን ተሻግሮ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ የሚገባው ዛሬ የምዕራብ አርሲ ዞን ወደሚባለው ምድር ነው። ይህ አቅጣጫ ድሮ በጠቅላይ ግዛቶች መካከል፣ ከፌዴራሉ ሥርዓት ወዲህ ደግሞ በክልሎች መካከል ያለ ወሰን ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ስታድግ የምታድገው ወይ ወደ ምሥራቅ ወደ ወንዶ ገነት፣ ወይ ወደ ደቡብ በአላሙራ ተራራ ሥር አልፋ ወደ ቱላና ሸበዲኖ ነው። በሁለቱም በኩል የሚጠብቃት ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ የሲዳማ ገበሬ ነው። ባዶ መሬት የለም።

ከተማዋ ራሷ ወጣት ናት። በሐይቁና በታቦር ተራራ መካከል የተዘረጋው ሜዳ የሲዳማ ከብት አርቢዎች የግጦሽ ቦታ ነበር፤ አካባቢውም አዳሬ እየተባለ ይጠራ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ፤ ከምሥረታውም ጋር የልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም አብሮ ይነሳል። የዛሬው ጎብኚ የሚያደንቃቸው ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው፤ እንደ አብዛኞቹ የሀገራችን ከተሞች በገበያና በጦር ሰፈር ዙሪያ ተጠማዝዛ ያደገች ሳትሆን በዕቅድ የተጀመረች ከተማ ናት። በሐይቁ ዳር የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ተሠራ። የከተማ ቦታ ከተመራላቸው መካከል የጦር ሠራዊት ጡረተኞች ይገኙበታል። ውሎ አድሮም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ ተዛወረ፤ ከመቀመጫው ጋር ጸሐፊው፣ ዳኛው፣ መምህሩና ነጋዴው ተከትለው መጡ።

በዚህ ምሥረታ ውስጥ ለኋላው ታሪክ ቁልፍ የሆነ ነገር አለ። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በሲዳማ ምድር ቢሆንም ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጡ ነበሩ። የከተማው ሥራ የሚሠራው በአማርኛ ነበር፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለው መንደር ግን በሲዳምኛ ይነጋገራል፣ ክርክሩን በሽማግሌዎች ሸንጎ በሶንጎ ይፈታል። በከተማውና በገጠሩ መካከል ያለው መስመር በመሐንዲስ ካርታ ላይ የማዘጋጃ ቤት ወሰን ነበር፤ በሰዎች ኑሮ ውስጥ ግን የቋንቋም የሥልጣንም ወሰን ሆኖ ነው የኖረው። ከሜዳው የተነሱት ቤተሰቦች ዘሮች ይህን አልረሱትም።

መስመሩ በሕግ የጠነከረው በደርግ ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት ፈቀደ፣ ገበሬውንም 800 ሄክታር ያህል በሚሸፍን የገበሬ ማኅበር አደራጀው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። ይህኛው ለመኖሪያ ቤት የሚፈቅደው ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ነው፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራዩ በወር ከ100 ብር የማይበልጠውን ቤትም ቀበሌ እንዲያስተዳድር ተደረገ። አንድ ስም የተሸከሙ ሁለት ቀበሌዎች የተወለዱት ያን ጊዜ ነው፦ የከተማው ቀበሌ ቤት ያከራያል፣ የገጠሩ ማኅበር መሬት ያድላል።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ 1967 ሲጽፉ ጭሰኛውንና ባለርስቱን፣ የተወረሰውን ፎቅና የተነጠቀውን ጋሻ መሬት ያነሳሉ፤ ትክክልም ነው። በከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ግን የሁለቱ አዋጆች ትልቁ ውጤት ሌላ ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድ ሰው መብት በሄክታር ወይም በካሬ ሜትር የሚለካው ቤቱ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደቆመ ታይቶ ሆነ። መስመሩ ቢንቀሳቀስ ሰውየው ከቦታው ሳይነቃነቅ ሕጉ ይቀየርበታል። መንግሥታት ተቀያይረዋል፣ አዋጆቹም በሌሎች አዋጆች ተተክተዋል፤ ይህ ሁለትነት ግን እስከ ዛሬ አልተነካም።

የደርግን የቀሩት ዓመታት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በ1969 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁ ተከፈተ፤ የዛሬው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሥሩ እሱ ነው። የመንግሥት እርሻና ፋብሪካዎች መጡ፣ ሠራተኛም ይዘው መጡ። ይህ ሁሉ ከተማዋን አሰፋት፤ ወሰኑ ግን ያን ያህል አላከራከረም። መሬቱ በሙሉ የመንግሥት፣ መንግሥቱም አንድ ስለነበር ገበሬውን የሚያስነሳው አካል ከማን ወሰን እንደወሰደ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

መጠየቅ የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆነች፤ በዚያው ላይ የሲዳማ ዞን መቀመጫም ነበረች። በአንድ ከተማ ውስጥ ከ50 በላይ ብሔረሰቦች ያሉበት ክልልና ያ ከተማ የቆመበት ምድር ባለቤት ነኝ የሚል ዞን ተቀመጡ። የጥቅምት 1987 ቆጠራ በሐዋሳ 69,169 ሰው አገኘ። በዚያን ጊዜ ሐዋሳ ማለት ከተማው ብቻ ነው፤ የዳርቻው መንደሮች የዞኑ ወረዳዎች ናቸው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክልሎች ተራ በተራ የከተሞች ማቋቋሚያ አዋጅ ያወጡ ነበር። ከዚያ በፊት ከተማ ማለት በወረዳ ወይም በዞን ሥር ያለ ማዘጋጃ ቤት ነበር፤ ቆሻሻ ያነሳል፣ የቦታ ኪራይ ይሰበስባል፣ ሌላው ሥልጣን የወረዳው ነው። አዲሶቹ አዋጆች የራሱ ምክር ቤት፣ ከንቲባና በጀት ያለው የከተማ አስተዳደር ይዘው መጡ። በባሕር ዳርም ሆነ በመቐለ ይህ በዋናነት የአስተዳደር ማሻሻያ ነበር። በሐዋሳ ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ አስነሳ፦ ከተማው ራሱን ከቻለ ተጠሪነቱ ለማን ይሆናል? ከሲዳማ ዞን ወጥቶ በቀጥታ ለክልሉ እንዲሆን፣ የዞኑም መቀመጫ ወደ አለታ ወንዶ እንዲዛወር የሚል ሐሳብ ቀረበ። ክልሉን በዚያን ጊዜ ይመሩ የነበሩት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ናቸው።

ለክልሉ ቢሮዎች ሐሳቡ አሳማኝ ምክንያት ነበረው፤ የሁሉም የሆነ ዋና ከተማ ለአንድ ዞን ሊገዛ አይገባም የሚል። ለሲዳማ ገበሬ ግን ነገሩ በ1950ዎቹ የተሰመረውን መስመር ወደ ግድግዳ የሚለውጥ ነበር። አባቶቹ ከብት ያሰማሩበትን ቦታ ከተማ ወሰደው፤ አሁን ደግሞ ከተማው ከእነ ስሙ ከዞኑ ሊወጣ ነው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ከደቡብ በኩል ወደ ከተማው የመጡ ሰልፈኞች ሎቄ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱባቸው። ብዙ ሰው ሞተ። የመንግሥት መግለጫዎችና የሲዳማ ተቃዋሚ ድርጅቶች ያወጧቸው የሟቾች ቁጥሮች እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ የተኩሱን መፈጸም ግን ማንም አልካደም።

ሎቄ የት እንደሚገኝ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከከተማው ደቡባዊ ጫፍ ላይ፣ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ነው። ሰልፈኞቹ ወደ ከተማው መሃል አልደረሱም፤ የቆሙት ከተማና ገጠር በሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለ ሎቄ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ነው። የከተማ ወሰን ታሪክም አንድ ምዕራፍ ነው ቢባል የሚያስኬድ ይመስለኛል፤ ሟቾቹ የወጡበት ጥያቄ በቀጥታ ሲነበብ አንድ ማዘጋጃ ቤት ለማን ይታዘዛል የሚል ነበርና። በኢትዮጵያ የከተማ አስተዳደር ታሪክ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ምክንያት ደም ከፈሰሰባቸው ጊዜያት ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ የዞኑን መቀመጫ የማዛወሩ ሐሳብ ቀረ። ሐዋሳም የራሷን የከተማ አስተዳደር ይዛ የክልሉም የዞኑም መቀመጫ ሆና ቀጠለች። በሎቄና በ1999ኙ ቆጠራ መካከል ባሉት ዓመታት ግን ብዙም ያልተዘመረለት ሌላ ለውጥ ተካሂዷል፦ ቱላና በዙሪያዋ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር አካል ሆኑ። የሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የተገኘው እንዲህ ነው። መግቢያው ላይ ግር ያሰኘን አኃዝም ምንጩ ይኸው ነው።

ይህ ጠቅለላ ምን ማለት ነበር? በአንድ በኩል ለከተማው የመስፋፊያ መሬት ነው፤ ይህን ለመረዳት ካርታውን ማየት ይበቃል። በሌላ በኩል የምክር ቤት ሒሳብ ነው። የገጠር ቀበሌዎቹ ነዋሪ ከሞላ ጎደል ሲዳማ ነው። ቆጠራው በከተማ አስተዳደሩ ጠቅላላ ሕዝብ ውስጥ የሲዳማን ድርሻ 48.67 ከመቶ አድርሶት እናገኛለን፤ አማራው 15 ከመቶ፣ ወላይታው 14 ከመቶ ገደማ ነው። የከተማው ሕዝብ ብቻ ተነጥሎ ቢቆጠር ኖሮ ሚዛኑ እንዲህ እንደማይሆን ግልጽ ነው። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤት ከዚህ ሕዝብ የሚወጣ እስከሆነ ድረስ፣ ወሰኑን ያሰፋው እጅ የከተማውን ባለቤትነት ጥያቄም አብሮ ነክቶታል።

እዚህ ላይ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ጋር ያላትን ልዩነት ማንሳት ግድ ይላል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን በኦሮሚያ ከፍተኛ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ብዙ ሕይወት ጠፍቶበት በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። የገበሬው ፍርሃት ግልጽ ነበር፦ መሬቴ ከክልሌ ወጥቶ ለሌላ አስተዳደር ይሆናል፣ እኔም እነሳለሁ። በሐዋሳ የተጠቀለሉት ቀበሌዎች ግን ከሲዳማ አልወጡም፤ እንዲያውም ሲዳማን ወደ ከተማው ይዘው ገቡ። የመሬቱ አሠራር አንድ ነው፣ ገበሬው የሚያጣውም ተመሳሳይ ነው፤ የፖለቲካ ትርጉሙ ግን ተገለባብጧል። ስለዚህ የከተማ መስፋፋት በራሱ ሕዝብን ያስቆጣል ወይም አያስቆጣም የሚለው ጥቅል አባባል ብዙም አያስኬድም። ሐዋሳ ላይ ሰው የሞተው ከተማው ከዙሪያው ሊነጠል ሲል ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ከተማው ዙሪያውን ሊጠቀልል ሲል።

የባለቤትነቱ ጥያቄ በዚህ አልተዘጋም። በ2004 ዓ.ም. የከተማውን አስተዳደር እንደገና የማዋቀር ሐሳብ ተነሳ ሲባል ሲዳማ እንደገና ተቃወመ፤ ሐሳቡም ወደኋላ ተመለሰ። ያን ጊዜ የቱላ ገበሬ ግን ሌላ የዕለት ጉዳይ ነበረው፣ ወረቀት።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በደቡብ ክልል የገጠር መሬት ሲመዘገብ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እጁ ገባ። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 እና እሱን ተከትሎ የወጣው የክልሉ አዋጅ ቁጥር 110/1999 የይዞታ መብቱን በጊዜ አልገደቡትም፣ ለልጅም ማውረስ ይቻላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። ከመስመሩ በወዲያኛው ወገን ያለው ሰው ደግሞ በሊዝ ነው የሚኖረው። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፣ ለመኖሪያ የሚውለውም ለ99 ዓመት እንዲሆን ደነገገ። የገጠሩ ቀበሌ በከተማው ፕላን ውስጥ ሲገባ ደብተሩ ወዲያው አይቀደድም። ገበሬው ማረሱን ይቀጥላል፣ ግብሩም የእርሻ ግብር ነው፣ የልማት ሠራተኛውም ይመጣል። ሆኖም መሬቱ የሚጠበቅ መሬት ይሆናል፤ ከተማው ሲፈልገው የሚወስደው።

ሲወስደው ምን ይከፍላል? ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬት የማስለቀቁን ሥልጣን ለወረዳ ወይም ለከተማ አስተዳደር ሰጥቶ ነበር። የትኛው እንደሚያስነሳህ የሚወስነው እንግዲህ ያው መስመር ነው። መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ከቋሚ ንብረቱ ዋጋ ሌላ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። የከተማ ነዋሪ ሲነሳ ምትክ ቦታና የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ግምት ያገኝ ነበር። ለመሬቱ ዋጋ አይከፈልም፤ ሕገ መንግሥቱ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታልና። ገበሬው በእንሰቱና በበቆሎው ልክ ተከፍሎት የለቀቀውን ቦታ ከተማው በጨረታ ሲያወጣው የሚገኘው ገንዘብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ለመንገድና ለውሃ መሥሪያ ይውላል ይባላል፤ ይውላልም። ግን ከሐዌላ ቱላ የተነሳው ገበሬ መንገዱንም ቧንቧውንም የሚያየው ለሌላ ሰው ሲሠራ ነው።

ይህን ሒሳብ ለመረዳት ትምህርት አይጠይቅም። በሐዋሳ ዳርቻ፣ በዳቶም ሆነ በጨፌ ኮቲ ጀቤሳ፣ እንደ ሌሎች ከተሞች ዳርቻ ሁሉ ገበሬው ከተማው ሳይቀድመው ራሱ መቁረስና መሸጥ ጀመረ። ሽያጭ ስለማይፈቀድ ውሉ ሽያጭ አይባልም። በብድር ወይም በስጦታ ስም ይጻፋል፣ ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ደላላ ድርሻውን ይወስዳል። ገዢው ብዙውን ጊዜ በጨረታ መወዳደር የማይችል አነስተኛ ደሞዝተኛ ወይም ነጋዴ ነው። ቤቱ የሚቆመው በሌሊት ነው፤ የጨረቃ ቤት የሚባለው ይህ ነው። ሲነጋ የቆርቆሮ ክዳን ያብረቀርቃል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ሰፈር ሆኗል። አፍራሽ ግብረ ኃይል የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ የማይመጣበትም አለ። ምርጫ ሲቃረብ መብራትና ውሃ የሚገባበትም አለ።

የሊዝ አዋጁ ይህን አይቶ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ከፕላን ጋር እየታዩ ሥርዓት እንዲይዙ በር ከፍቷል። ካርታ ያገኘ አለ፣ ፈርሶበት የሄደም አለ። የአስተዳደሩ ችግር ግን ከመፍረስና ካለመፍረስ ይሰፋል። የጨረቃ ሰፈሩ ነዋሪ በገጠር ቀበሌ ሲመዘገብ የከተማ አገልግሎት አይደርሰውም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ የለመደው ገበሬ ማስተዳደር ነው። ቀበሌው በከተማው ስም የሚጠራ፣ በገጠር አቅም የሚሠራ፣ በሕገወጥ ነዋሪ የተሞላ ሆኖ ይቀራል። ክርክር ሲነሳ ሻጩ ወደ ሶንጎ ይሄዳል፣ ገዢው ወደ ፖሊስ ይሄዳል፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ውሉ ከመጀመሪያው ፈራሽ ነው ይላል።

በአሜሪካ የዚህ ተቃራኒ ችግር ይታወቃል። እዚያ በማንኛውም ከተማ ወሰን ሳይካተቱ፣ በካውንቲ ብቻ እየተዳደሩ የከተማ ኑሮ የሚኖሩ ሰፊ ሰፈሮች አሉ፤ ብዙዎቹም የከተማ ግብርን ሽሽት እንደዚያው መቆየት ይፈልጋሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. የቴክሳሷ ሂዩስተን ኪንግዉድ የተባለውን ሰፈር ያለ ነዋሪው ፈቃድ ስትጠቀልል የተነሳው ቁጣ ለዓመታት ሲብላላ ቆይቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ግዛቲቱ በትልልቅ ካውንቲዎች ውስጥ ከተሞች ከመጠቅለላቸው በፊት የነዋሪውን ይሁንታ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። የሐዋሳው ገጠር ግን ከወሰኑ ውጭ የቀረ ሳይሆን ውስጥ ገብቶ የከተማ ኑሮ ያልደረሰው ነው። ይሁንታውንም የጠየቀው የለም። በኢትዮጵያ ሕግ የከተማን ወሰን የሚያሰፋው ፕላንና የምክር ቤት ውሳኔ ነው፤ የከተማ ፕላን አዋጁ ቁጥር 574/2000 ሕዝብን ማወያየትን ቢያዝም፣ መወያየትና ድምፅ መስጠት ለየቅል ናቸው።

በሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የወሰኑ ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘ። በቻይናው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን በዘጠኝ ወር የተገነባው ፓርክ የመጀመሪያ ምዕራፉ ብቻ 130 ሄክታር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ታስቦ ነበር። ለሼዶቹ ዕቅድ ነበረ፣ ለፍሳሽ ማጣሪያውም ነበረ። ለሠራተኞቹ መኖሪያ ግን በቂ ዝግጅት አልነበረም። ከሲዳማ ወረዳዎችና ከሌሎች የደቡብ ዞኖች የመጡ ወጣት ሴቶች ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ፤ የተከራዩትም በአብዛኛው ዳርቻው ላይ፣ ኪራይ በሚረክስበት፣ ማለትም በነዚያው ካርታ በሌላቸው ሰፈሮች ነበር። የጨረቃ ቤት የከተማው ኢንዱስትሪ ማደሪያ ሆነ። ማፍረስ ቢፈለግ እንኳ የሚፈርሰው የፋብሪካው የነገ ሠራተኛ አልጋ ነው። የአሜሪካ የአጎዋ ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ሲቋረጥና ከዚያም ትንሽ ቀደም ብሎ ታዋቂው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ጉዳቱ ከፓርኩ አጥር አልፎ እነዚያን የኪራይ ክፍሎች የሠሩ የዳርቻ ቤተሰቦችንም ነካ።

ሰኔ 2010 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ በሲዳማና በወላይታ ነዋሪዎች መካከል የተነሳው ግጭት ሰው ገደለ፣ አፈናቀለም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2011፣ የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ምላሽ ሊያገኝ የነበረበት ቀጠሮ አለፈ በሚል ሐዋሳና ዙሪያዋ እንደገና ታመሱ። በመጨረሻ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ 98.51 ከመቶው ድምፅ ሲዳማ ክልል ትሁን አለ። የሐይቅ ዳር ነጋዴም የቱላ ገበሬም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ተሰለፉ። በዚህች ከተማ ታሪክ ነዋሪው ስለ አስተዳደሩ በቀጥታ ድምፅ የሰጠው ያን ዕለት ነው፤ የተጠየቀው ግን በየትኛው ክልል መሆን እንደሚፈልግ ነው። ቀበሌው በከተማው ውስጥ ይሁን ወይስ በወረዳ ሥር የሚል ምርጫ በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር፣ ሕገ መንግሥቱ ለዚያ የሚሆን አንቀጽ የለውምና።

ከሕዝበ ውሳኔው በፊት በተደረሰው ስምምነት ሐዋሳ የሲዳማ ሆና ለሁለት የምርጫ ዘመናት፣ ማለትም ለ10 ዓመት፣ የደቡብ ክልል መቀመጫም እንድትሆን ተወስኖ ነበር። ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ሥልጣን ተረከበች፣ የሀገሪቱም 10ኛ ክልል ሆነች። አሥሩ ዓመት ግን አልሞላም፤ የደቡብ ክልል ራሱ ተከፋፍሎ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ታሪክ ሆነ፤ ቢሮዎቹም ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። በ1994 ሎቄ ላይ ደም ያፈሰሰው ጥያቄ፣ ከተማው ለክልል ወይስ ለሲዳማ የሚለው፣ ክልሉና ሲዳማ አንድ ሲሆኑ ተፈታ።

የቱላው ጥያቄ ግን በዚያ አልተፈታም። አዲሱ ክልል በዞኖች ሲዋቀር ሐዋሳ ራሷን ችላ በከተማ አስተዳደርነት ቆመች፤ በዙሪያዋ ያሉት የወንዶ ገነትና የሸበዲኖ ገበሬዎች በዞኖቹ ሥር ናቸው። ከእንግዲህ ከተማው ወደ እነሱ ቢዘልቅ መሬቱ ከሲዳማ እጅ ወጣ የሚል ቁጣ መነሻ አይኖረውም። የሚቀረው ራቁቱን የቆመው የመሬት ጉዳይ ነው፦ ደብተር ያለው ገበሬ ወደ ሊዝ ወሰን ሲገባ ምን ያገኛል። በ455/1997 ቦታ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሒሳቡን ከፍ አድርጎታል፤ የአምስቱ ዓመት አማካይ በ10 መባዛቱ ቀርቶ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛል፣ ተነሺዎችን መልሶ የማቋቋም ግዴታም በአዋጁ ርዕስ ላይ ገብቷል። የሚባዛው ግን ዛሬም የእንሰቱና የበቆሎው ገቢ ነው።